ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሆኖ የግል አብራሪነት ፈቃድ ማውጣት፦ ከየት ይጀመራል?

ሰማይ_ጠቀስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መኖሪያ አሌክሳንድሪያ፣ ዕድሜ 34፣ ግሪን ካርድ። የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማውጣት ቆርጬ ነው የመጣሁት። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ የቱ ወረቀት ይቀድማል? «40 ሰዓት ይበቃል» የሚባለው እውነት ነው? ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው የአየር ክልል ለተማሪ አይከብድም? ደግሞ አንድ ቀን አዲስ አበባ ላይ ብበር ምን ይለያል? ማበረታቻ ሞልቶኛል፤ ቁጥር ስጡኝ።

ነፋስ_ስልክ፦
ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። 15 ሰዓት በርሮ፣ ከፍሎ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ቆይ» ይባላል። ወረቀቱ ይቅደም።

መጀመሪያ አንድ የሙከራ በረራ አድርግ፤ ትምህርት ቤቶቹ ዲስከቨሪ ፍላይት የሚሉት ነው። ለማስተዋወቅ የሚደረግ ስለሆነ የደኅንነት ማጣሪያ አይጠየቅበትም። ከዚያ ሜዲካል፣ ማለት የጤና ምርመራ ሰርተፍኬቱ። ከዚያ ደግሞ አንተን የሚመለከት ነገር አለ፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደርን፣ ማለትም የቲኤስኤን ማጣሪያ ሳያልፍ ትምህርቱን መጀመር አይችልም። ግሪን ካርድ ከዚህ አያድንም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በቲኤስኤ የበረራ ሥልጠና ፖርታል ትመዘገባለህ፣ ሰነድ ትሰቅላለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ፣ ክፍያውን ትከፍላለህ። አስተማሪህም በራሱ በኩል እዚያው ፖርታል ላይ መመዝገብ አለበት፤ በግሉ የሚያስተምር ሰው ከሆነ ይህን መጀመሪያ ጠይቀው። ከሐምሌ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ማጣሪያው እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ድሮ ለየሥልጠናው ይደገም ነበር። ዜጋ ቢሆን ኖሮ ፓስፖርቱን አሳይቶ አስተማሪው ሎግቡኩ፣ ማለት የበረራ መዝገቡ ላይ ይጽፍለትና አለቀ።

የተማሪ አብራሪ ሰርተፍኬት የሚባለው ካርድ አያክራ በሚባለው የኤፍኤኤ፣ ማለትም የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ፣ ድረ ገጽ ላይ ይሞላል። አስተማሪው ማንነትህን አይቶ ያስተላልፈዋል፣ ፕላስቲኩ በፖስታ ይመጣል። የሚያስፈልገው ብቻህን ከመብረርህ በፊት ነው። ግን ሳምንታት ስለሚፈጅ በመጀመሪያው ወር አስገባው፤ ለሶሎ ደርሶ ካርድ የሚጠብቅ ተማሪ ያው ከፍሎ የተማረውን እየረሳ ነው።

በቱሪስት ቪዛ መጥተው ሥልጠና መጀመር የሚያስቡ ካሉ፦ አይሆንም። ለሙያ በረራ ትምህርት ቤት ኤም-1 ቪዛ አለ፤ ለእሱ የሚጠየቀውን የመቀበያ ሰነድ የሚሰጡትም ተማሪ እንዲቀበሉ የተፈቀደላቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ ናቸው።

ሐኪም_አይደለሁም፦
ሜዲካሉ ላይ ልጨምር፤ ሰው ሳያውቅ መንገዱን የሚዘጋው እዚያ ነው።

ለግል አብራሪ ሦስተኛ ክፍል ሜዲካል ይበቃል። ምርመራው ከ40 ዓመት በፊት ከተደረገ 60 ወር፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 24 ወር ያገለግላል። ዓይን በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር ለእያንዳንዱ 20/40 ካለ ያልፋል። ከጥር 2025 ወዲህ አዲስ አመልካች የቀለም ዕይታ ፈተናውን የሚወስደው በኮምፒውተር ነው፤ ባለ ነጠብጣቡ የወረቀት መጽሐፍ ቀርቷል።

ወጥመዱ ይኸውላችሁ። ሜድኤክስፕረስ የሚባለውን የኢንተርኔት ቅጽ ሞልተህ የማረጋገጫ ቁጥሩን ለአቪዬሽን ሐኪሙ ሰጥተህ እሱ ከከፈተው፣ ጉዳይህ ተጀምሯል። ወደኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ለትኩረት ማጣት፣ ለድብርት ወይም ለስኳር መድኃኒት የምትወስድ፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ያለብህ፣ የኩላሊት ጠጠር ታሪክ ያለህ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ሳትሰጥ ለምክር ብቻ ቀጠሮ ያዝ። የሚፈለጉትን ደብዳቤዎችና ላቦራቶሪዎች ሰብስበህ ከዚያ ቅጹን አስከፍት። ከእነዚህ ብዙዎቹ መፍትሔ አላቸው፤ የሚያስቸግረው ያለ ሰነድ መቅረቡ ነው። መጨረሻ የተሰጠህ ውሳኔ ውድቅ ከሆነ ደግሞ በመንጃ ፈቃድ ብቻ የሚበረርበት የስፖርት አብራሪነት መንገድም አብሮ ይዘጋል። ያ መንገድ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ሰፍቷል፤ ትንንሽ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላኖችን ጭምር ይፈቅዳል፣ የምትጭነው ሰው ግን አንድ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር በግልጽ እንነጋገር፦ ጫት። ትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ክልክል ነገር ነው። ቅጹ ደግሞ ባለፉት 2 ዓመታት ሕገወጥ ዕፅ መጠቀምን ይጠይቃል። «ቅጠል ነው፣ የባህል ነው» ሐኪሙ ፊት አይሠራም፤ ቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው።

በተረፈ፦ ከመጠጥ በኋላ 8 ሰዓት ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ነው፣ በደም ውስጥም ከ0.04 በታች መሆን አለበት። እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ ክኒን፣ ቤናድሪል ማለት ነው፣ 60 ሰዓት ያስጠብቃል። ጿሚዎች፣ ሁዳዴም ሆነ ረመዳን፣ ትምህርቱን ከቀኑ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው አዙሩት። ባዶ ሆድና ውኃ ጥም ማረፊያ ላይ ፍርድን ያዘገያል፤ የሚበላ ሰው እንኳ በሦስተኛው ዙር ይደክመዋል።

ስኳክ_1200፦
የዋሽንግተኑን ክልል እኔ ልውሰደው።

ሬገን ኤርፖርት ያለው ቪኦአር፣ ማለት አቅጣጫ ጠቋሚ የራዲዮ ጣቢያ፣ መሐል ሆኖ 30 ኖቲካል ማይል ራዲየስ ያለው ክብ አለ፤ ኤስኤፍአርኤ ይባላል። ከመሬት ተነሥቶ እስከ 18,000 ጫማ ግርጌ ይደርሳል። እዚያ ውስጥ ለመብረር አራት ነገር ያስፈልጋል፦ የኤስኤፍአርኤ የበረራ ዕቅድ ማስገባት፣ ከፍታ የሚያስተላልፍ የሚሠራ ትራንስፖንደር (ለራዳር ኮድ የሚመልስ መሣሪያ)፣ ለብቻ የተሰጠ ኮድ፣ ከመግባት በፊት ከአካባቢው የአየር ተቆጣጣሪ ከፖቶማክ አፕሮች ጋር የሁለትዮሽ የራዲዮ ግንኙነት። ሌላ ቦታ በዓይን የሚበር ሰው የሚይዘውን፣ ስሜ የሆነውን 1200 ኮድ እዚያ ውስጥ መዘወር ክልክል ነው፤ ስሙን የመረጥኩት ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ነው።

ውስጠኛው ክብ የባሰ ጥብቅ ነው። ኮሌጅ ፓርክ፣ ያ ከ1909 ጀምሮ ሳይዘጋ የቆየው ኤርፖርት፣ እዚያ ውስጥ ይገኛል፤ የሚገባበት የአሻራና የታሪክ ማጣሪያ አልፎ የራሱን መለያ ቁጥር ያገኘ አብራሪ ብቻ ነው። ለተማሪ አይሆንም።

ለአሌክሳንድሪያ ቅርቡ ማናሳስ ነው። ማናሳስ፣ ሊስበርግና ጌይዘርስበርግ ክቡ ውስጥ ናቸው፤ ፍሬድሪክ ውጭ ነው። ማናሳስ ላይ የተማረ ሰው ታወርና ኮድ ከመጀመሪያው ቀን ስለሚለምድ ሌላ ቦታ ሲሄድ አይደነግጥም። ፍሬድሪክ ላይ ደግሞ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ መሄድ ብቻ ነው፣ ግን ከአሌክሳንድሪያ መንገዱ ይረዝማል። እኔ ማናሳስን እመርጣለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ለመሄድ የሚያመች ኤርፖርት ነው ጥሩ ኤርፖርት።

ከቪኦአሩ 60 ኖቲካል ማይል ውስጥ በዓይን ለሚበር ሁሉ የኤፍኤኤ የኢንተርኔት ኮርስ ግዴታ ነው። ነጻ ነው። ሰርተፍኬቱን አትመህ ቦርሳህ ውስጥ ያዝ።

የሚሳሳቱበት፦ ኮድ ሳይሰጣቸው መነሣት፤ ከክቡ ወጥተው ሲመለሱ የድሮውን ኮድ ይዘው መግባት፤ የኤስኤፍአርኤ ዕቅድ እንደ ተራው የበረራ ዕቅድ ፍለጋና ማዳን የሚያስነሣ አድርጎ መቁጠር። አያስነሣም፤ ተራው ዕቅድ ለብቻው ይመዘገባል። ልምምድ ላይ ስትሆን ደግሞ ከመስመሩ ቢያንስ 2 ማይል ራቅ፤ ከነፋስ ጋር አንድ ጠባብ ዙር ስትዞር ጠርዙ ወደ አንተ ይመጣል። ከመሬት ቀይ-ቀይ-አረንጓዴ የሚል ብርሃን ከተተኮሰብህ ተሳስተሃል ማለት ነው፤ ከመሐሉ ወደ ውጭ ዙርና የያዝከው ተቆጣጣሪ ከሌለ 121.5 ላይ ጥራ።

ሰማይ_ጠቀስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ወንድሜ» የምትሉኝ ሁሉ ግን እህታችሁ ነኝ። ሜዲካሉ ላይ የምክር ቀጠሮ ይዣለሁ። አሁን ገንዘቡንና ሰዓቱን ንገሩኝ፤ አንድ ትምህርት ቤት «40 ሰዓት፣ አንድ ጥቅል ዋጋ፣ ቀድሞ ከተከፈለ ቅናሽ» ብሎኛል።

ሎግቡክ፦
እህቴ፣ ያ ጥቅል ዋጋ ሕጉ የጻፈውን ትንሹን ሰዓት ነው የሸጠልሽ።

ክፍል 61 የሚባለው ደንብ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ 20 ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ብቻሽን። ከአስተማሪ ጋር የምትበሪው 3 ሰዓት አገር አቋራጭ፣ 3 ሰዓት ማታ፣ 3 ሰዓት በመሣሪያ ብቻ፣ 3 ሰዓት ደግሞ ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ የሚደረግ ዝግጅት ሊኖረው ይገባል። የማታው ውስጥ በድምሩ ከ100 ኖቲካል ማይል የሚበልጥ አንድ ጉዞ፣ እንዲሁም 10 መነሣትና ሙሉ በሙሉ ቆሞ ማረፍ አሉ። ብቻሽን የምትበሪው 5 ሰዓት አገር አቋራጭ፣ አንዱ በድምሩ 150 ኖቲካል ማይል ሆኖ ሦስት ቦታ የሚታረፍበት፣ ከዚያም አንዱ የጉዞው ቀጥታ ክፍል ከ50 የሚበልጥ። ታወር ባለበት ኤርፖርት ደግሞ 3 መነሣትና ማረፍ።

ይህን በ40 የሚጨርስ አለ፤ በየቀኑ የሚበር፣ የአየር ጠባይ የታዘዘለት። በሳምንት አንዴ የምትመጣ ተማሪ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ባለፈው የተማረችውን ለማስታወስ ታውለዋለች። 65 ሰዓት ብለሽ አስቢ። እዚህ አካባቢ ሴስና 172 የሚባለው አውሮፕላን ከነነዳጁ በሰዓት 190 ዶላር ቢሆን 12,350። አስተማሪ በሰዓት 80 ሆኖ 45 ሰዓት በአየር፣ 20 ሰዓት በምድር፣ 5,200። የጽሑፍ ፈተና 175፣ ሜዲካል 180፣ መካከለኛ የጆሮ ማዳመጫ 350፣ ፈታኙ 1,000። ድምር 19,255። ዋጋዎቹ ምሳሌ ናቸው፣ ትምህርት ቤትሽ የሚያስከፍለውን ተኪበት። ገንዘቡ ሦስት አራተኛ ሳይሞላ አትጀምሪ፤ መሐል ላይ ማቆም በጣም ውዱ መንገድ ነው።

ቀድሞ መክፈልን በተመለከተ፦ ከሁለት ወይም ከሦስት በረራ በላይ ማንም ዘንድ ገንዘብ አታስቀምጪ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪ የመጨረሻው ባለ ዕዳ ጠያቂ ነው። 10 በመቶ ቅናሽ ያንን አያካክስም።

ስትዋዋዪ የምትጠይቂው፦ የሚቆጠረው በሆብስ ነው በታኮ? ሆብስ ሞተሩ በሠራ ቁጥር እንደ ግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል። ታኮ የሚቆጥረው በሞተሩ ዙር ልክ ስለሆነ መሬት ላይ ቆመሽ ስትጠብቂ ይዘገያል። ማናሳስ ላይ ተራ ጥበቃ 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ልዩነቱ እዚያ ይታያል። ቀጥለሽ አውሮፕላኑ ቢሰበር የኢንሹራንሱ ተቀናሽ በማን ላይ እንደሚወድቅ ጠይቂ። በእኛ ላይ ካሉሽ የተከራይ ኢንሹራንስ ግዢ።

ነፋስ_ስልክ፦
ይቅርታ እህቴ። ሎግቡክ ካለው ላይ፦ የጽሑፍ ፈተናውን ከሶሎ በፊት ጨርሺው። 60 ጥያቄ፣ ማለፊያ 70፣ ውጤቱ ለ24 ወር ይጸናል። 70 አምጥቶ ማለፍ ግን ዕዳ ነው፤ የሳትሽው ርዕስ በኮድ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ፈታኙም ከዚያ ይጀምራል። ከ90 በላይ ካመጣሽ የቃል ፈተናው ያጥራል።

ጋሼ_ፍላፕ፦
ስለ ማረፍ ማንም አልጻፈም፤ ሰዓቱን የሚበላው እሱ ነው። የምጠቅሰው ለሴስና 172ኤስ ነው፤ ሌላ ሞዴል ከሆነ የራሱን መጽሐፍ ክፈቺ።

ለማረፍ በማኮብኮቢያው ዙሪያ የሚበረረው ዙር ከመሬት 1,000 ጫማ ላይ ነው። ከማኮብኮቢያው ትይዩ እየሄድሽ የምታርፊበት ነጥብ ጎንሽ ላይ ሲሆን ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር ቀንሺ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው) 10 ዲግሪ፣ 85 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት)። ነጥቡ ከክንፍሽ ኋላ 45 ዲግሪ ሲሆን ታጠፊ፣ ፍላፕ 20፣ 75። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ፍላፕ 30፣ 65። በዚህ ሁሉ መሐል በአፍንጫው ፍጥነትን፣ በስሮትል መውረድን ትይዣለሽ፤ የመሪውን ጫና በሚያቀለው ትሪም ደግሞ እጅሽን ታሳርፊያለሽ። መሪውን ጨብጦ የሚታገል ተማሪ ትሪም ረስቷል።

አሁን የሚበላሸው። በ65 ፋንታ በ75 ከመጣሽ ትርፉ 10 ኖት ብቻ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ሲሶ ያህል ጨምሯል። አውሮፕላኑ አልወርድም ብሎ ማኮብኮቢያው ላይ ይንሳፈፋል። ተማሪዋ ትዕግሥት ታጣና አፍንጫውን ትገፋዋለች፤ የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፣ ይነጥራል፣ እንደገና ትገፋለች። ሦስተኛው ንጥረት ላይ ፕሮፔለሩ አስፋልት ይነካል፣ የፊት እግሩ የታሰረበት የሞተሩ ኋላ ግድግዳ ይጨማደዳል። የጥገናው ክፍያ ከፈቃዱ ሊበልጥ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከነጠረ አትግፊ። ዝቅ ያለ ንጥረት ከሆነ አፍንጫውን እንዳለ ያዢና ጥቂት ሞተር ጨምሪ። ከፍ ያለ ከሆነ ሂጂ፤ ማለት ማረፉን ትተሽ እንደገና ተነሺ።

አለመሄድ ነው ኩራት የሚመስለው። ሲኬድ፦ ስሮትል እስከ መጨረሻው፣ ቀኝ እግር፣ ፍላፕ ወዲያው ወደ 20፣ 60 ኖት፣ መውጣቱ ሲረጋገጥ 10፣ ከዚያ 65 አልፎ ዜሮ። ፍላፑን በአንዴ የሰበሰበ ሰው ክንፉን ከሥሩ አወጣ ማለት ነው፤ ተመልሶ ይቀመጣል።

ዓይንሽ ከኮፈኑ ሥር ያለውን አስፋልት አይይ። ለመደልደል ስትጀምሪ ወደ ማኮብኮቢያው መጨረሻ አሻግሪው፤ መሬቱ በዳርና በዳር ሲነሣ ከፍታውን ያ ይነግርሻል።

ሰው የሚገድለው ግን ይህ አይደለም። የሚገድለው ወደ መጨረሻው ቀጥታ ስትታጠፊ መስመሩን ካለፍሽ በኋላ በእግር ለመመለስ መሞከር ነው። ማጋደሉን ፈርተሽ በራደር፣ በእግር በሚታዘዘው የጅራት መሪ፣ አፍንጫውን ትጎትቻለሽ፣ የውስጠኛው ክንፍ ይዘገያል፣ መሪውን ትስቢያለሽ፣ ያ ክንፍ ቀድሞ ስቶል ያደርጋል፣ ማለት ማንሣቱን ያቆማል። 600 ጫማ ላይ ከስፒን፣ ማለት እየተሽከረከሩ ከመውደቅ፣ መውጫ ቦታ የለም። ይህ አውሮፕላን ያለ ፍላፕ በቀጥታ በረራ በ48 ስቶል ያደርጋል፤ 60 ዲግሪ አጋድለሽ ከፍታሽን ለመያዝ ከሳብሽ በ68። ስለዚህ ዙሩ ውስጥ ከ30 ዲግሪ አትለፊ፤ መስመሩን ካለፍሽ አልፈሻል፣ ሂጂና እንደገና ነይ።

ቀጥታ_ማረፊያ፦
ጋሼ፣ ሁሉንም እስማማለሁ፤ 65ቱ ግን ለጸጥታ ነፋስ ነው። ወጀብ ካለ በመሠረቱና በወጀቡ መካከል ያለውን ልዩነት ግማሹን ይጨምሩበት፦ ነፋሱ 10፣ ወጀቡ 20 ከሆነ 5 ኖት፣ ማለት 70። ጎን ነፋስ ደግሞ መጽሐፉ የተሞከረበት ብሎ የጻፈው 15 ኖት ነው። ተማሪ ብቻውን ሲሆን አስተማሪው ሎግቡኩ ላይ ከዚያ ያነሰ ገደብ ይጻፍለት፤ የሶሎ ፈቃዱም በየ90 ቀኑ መታደሱን እንዳትረሱ።

ጋሼ_ፍላፕ፦
ልክ ነህ። ተጨምሯል።

ታንከር፦
ከመነሣት በፊት ያለው ፍተሻ ተረስቷል። 172ኤስ ላይ ለፍተሻ ከሥር የነዳጅ ናሙና የሚቀዳባቸው ነጥቦች 13 ናቸው፤ በየክንፉ 5፣ ሆዱ ሥር 3። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፣ ብልቃጡ ውስጥ እንደ ጠብታ ይታያል። ብልቃጡ ሙሉ በሙሉ ውኃ ከሆነ ደግሞ መስመር ስለማይኖረው «ንጹሕ ነው» ብለሽ ታልፊያለሽ፤ ስለዚህ ቀለሙን እይ፣ 100 ኤልኤል ሰማያዊ ነው። ነጣ ያለና እንደ ላምባ የሚሸት ከሆነ ማንም ሞተሩን እንዳያስነሣ፤ የጄት ነዳጅ ገብቶበታል። ዘይት ከ5 ኳርት በታች አይበረርም። የነዳጅ መጠኑን በእንጨቱ ልኪ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን መርፌ አትመኚ።

የማግኔቶ፣ ማለት ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጡት የሁለቱ መሣሪያዎች፣ ፍተሻ በ1,800 ዙር ነው። አንዱን ስታጠፊ ከ150 በላይ መቀነስ የለበትም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ50። ምንም ካልቀነሰ ደስ አይበልሽ፤ የማግኔቶው ገመድ ከመሬት ጋር አልተገናኘም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ቁልፉ ጠፍቶም ፕሮፔለሩን የነካ ሰው ላይ ሞተሩ ሊነሣ ይችላል።

አሮጌዎቹ 172ዎች ካርቡረተር አላቸው። እርጥብ አየር ላይ፣ ውጭው 15 ዲግሪ ሙቀት ቢሆንም እንኳ ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ለመውረድ ሞተር ስትቀንሺ የካርቡረተር ማሞቂያውን ሳቢ።

ሰማይ_ጠቀስ፦
ራዲዮውስ? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፣ ታወሩ ሲናገር ግን እንደ መትረየስ ነው።

ስኳክ_1200፦
ቋንቋው ሳይሆን ቅኝቱ ነው የጎደለሽ። ቅኝቱ ደግሞ አራት ቤት ብቻ አለው፦ ማንን እንደምትጠሪ፣ ማን እንደሆንሽ፣ የት እንዳለሽ፣ ምን እንደምትፈልጊ። መጨረሻ ላይ የሰማሽው የኤርፖርቱ የተቀዳ የአየር መረጃ የሚጠራበትን ፊደል ትጨምሪያለሽ። ማይኩን ከመክፈትሽ በፊት በወረቀት ጻፊው። መልሱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጣ አስቀድመሽ ታውቂያለሽና ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ይሆናል።

«ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብቻውን መልስ አይደለም። የማኮብኮቢያ ቁጥርና «ሆልድ ሾርት» (ከማኮብኮቢያው በፊት ቁሚ) የሚል ትእዛዝ ከነጥሪ ስምሽ ይደገማል። ካልሰማሽ «ሴይ አጌን» (ድገሙልኝ)፤ ተማሪ መሆንሽን በመጀመሪያው ጥሪ ጨምሪ፣ ቀስ ይሉልሻል። ማናሳስን የታወሮችን ንግግር በቀጥታ በሚያሰማው ድረ ገጽ በላይቭ ኤቲሲ በየቀኑ 20 ደቂቃ እየሰማሽ በአፍሽ መልሺ፤ ሦስት ሳምንት ይበቃል።

ለእኛ ሰው የሚከብደው ሰዓቱ ነው። አቪዬሽን በዙሉ፣ ማለት በግሪንዊች ሰዓት፣ ይሄዳል፤ ዋሽንግተን ሰዓቱ ወደፊት በሚገፋበት በፈረንጁ በጋ 4፣ በፈረንጁ ክረምት 5 ትጨምሪያለሽ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አቋራጭ አለ፦ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ጨምሪ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት 5 ዙሉ ነው። ለማታና ለሌሊት 15 (24 ከሞላ 24 ቀንሺ)፤ ምሽት 2 ሰዓት 17 ዙሉ። የአየር ሁኔታ ዘገባው መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለት አሃዞች ቀን ናቸው፣ እነሱም የፈረንጁ ቀን፤ የአገር ቤት ካላንደር ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ትንበያውን በቀናት እንዳያሳስት።

ፍራንክፈርት_07፦
ከአውሮፓ ለምታነቡ፦ እዚህ በኢኤሳ፣ ማለት በአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ደንብ ትንሹ 45 ሰዓት ነው፣ 25 ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ብቻን ሆኖ፤ ከብቻው ውስጥ 5 ሰዓት አገር አቋራጭ፣ አንዱ 270 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሁለት ኤርፖርት የሚታረፍበት። ሜዲካሉ ሁለተኛ ክፍል፣ ጽሑፉ 9 የትምህርት ዓይነት በየብቻው 75 በመቶ። ከአሜሪካው ጋር ስታወዳድሩ ሰዓቱን ሳይሆን ዘጠኙን ፈተና ቁጠሩ።

ደጋ_አየር፦
አዲስ አበባን የጠየቀችው እህት እስካሁን መልስ አላገኘችም።

ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። በመደበኛው አየር እዚያ ከፍታ ላይ ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። ቀኑ 24 ዲግሪ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሪ፦ 24 ሲባዛ 120፣ ወደ 2,900። አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ 10,500 ጫማ አካባቢ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ ከፍ ያለው ኤርፖርት፣ ሌድቪል ኮሎራዶ፣ 9,934 ጫማ ላይ ነው። እንግዲህ የቦሌ ከሰዓት በኋላ ከሌድቪል ቀዝቃዛ ጠዋት ይበልጣል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ጫማው 3 በመቶ ያህል ይሰንፋል። ባለ 180 ፈረስ ጉልበቱ 172 ወደ 125 ይወርዳል። ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ቀጭን ነው። ማረፍ ላይ ደግሞ መርፌው 65 ቢልም መሬት ላይ የምትሄጂው በ76 ኖት አካባቢ ነው። ዓይንሽ «ፈጠነ» ይልሻል፣ አንቺ ትቀንሻለሽ፣ ያ ነው ስህተቱ፤ መርፌውን እመኚ፣ ማኮብኮቢያው ግን እንደሚረዝምብሽ አስቢ። ቦሌ ራሱ ከ3,500 ሜትር በላይ አለው፣ ችግሩ የሚታየው አጭር ሜዳ ላይና ዙሪያው ተራራ ሲሆን ነው።

ከመነሣት በፊት ሚክስቸሩን፣ ማለት የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ፣ አቅጥኚ። ቨርጂኒያ ላይ «ቀዩ ዘንግ እስከ ውስጥ» ብሎ የለመደ እጅ ደጋ ላይ ሞተሩን በነዳጅ ያንቀዋል። ከ3,000 ጫማ በላይ ስሮትሉን ሙሉ ከፍተሽ ዙሩ ከፍተኛው እስኪደርስ ሳቢው።

ጭነትም አለ። እኛ በኪሎ እናስባለን፣ መጽሐፉ በፓውንድ ነው። 172ኤስ ከፍተኛው 2,550 ፓውንድ፤ ባዶው 1,690 ቢሆን 860 ይቀራል። ሙሉ ነዳጅ 53 ጋሎን በ6 ሲባዛ 318። ለሰውና ለዕቃ 542፣ ማለት 246 ኪሎ። ሦስት አዋቂና ትንሽ ሻንጣ ነው። አራት መቀመጫ ስላለው አራት ሰው የሚጭን የመሰለው ቤተሰብ ሁሉ ቁጥሩን ይሥራ፤ ደጋ ላይ ደግሞ ሕጋዊው ክብደት ራሱ ሊበዛ ይችላል።

አገር ቤት ፈቃዱን ለማስመዝገብ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሎግቡክሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንጹሕ አድርገሽ ያዢ፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ የአውሮፕላኑ ምዝገባና የአስተማሪው ፊርማ ይኑር።

ሎግቡክ፦
ለፈተናው ቀን አንድ ነገር ልጨምር። የሚፈትንሽ ኤፍኤኤ የወከለው ሰው ነው፣ ቀጠሮው ሳምንታት ይፈጃል፤ የረጅሙ ሶሎ ጉዞሽ እንዳለቀ ያዢ። መመዘኛው የተጻፈ ስለሆነ ሊያስደንቅሽ አይገባም፦ 45 ዲግሪ አጋድሎ መዞር ከፍታው 100 ጫማ፣ ፍጥነቱ 10 ኖት፣ ማጋደሉ 5 ዲግሪ፣ ስትወጪ አቅጣጫው 10 ዲግሪ። የአጭር ሜዳ ማረፍ ከነጥቡ ጀምሮ 200 ጫማ ውስጥ፤ ከነጥቡ በፊት መንካት መውደቅ ነው። ካላማረሽ ዞረሽ መምጣት አይጥልም።

ከአየር በፊት በወረቀት የሚወድቅ ብዙ ነው። የአውሮፕላኑን ዓመታዊ ፍተሻ፣ ለኪራይ ከሆነ የ100 ሰዓቱን፣ የትራንስፖንደሩን 24 ወር፣ የአደጋ ምልክት ማሰራጫውን 12 ወር፣ መዝገቡ ላይ ፈልገሽ በምልክት አስገቢ። የአስተማሪሽን ፊርማዎች ከደንቡ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ፤ አንድ ፊርማ ከጎደለ ፈታኙ ቁልፉን እንኳ አያነሣም።

ሰማይ_ጠቀስ፦
የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለመጀመሪያው ትምህርት ምን ይዤ ልምጣ?

ጋሼ_ፍላፕ፦
ስስ ሶል ያለው ጫማ፣ ፔዳሉ እንዲሰማሽ። ውኃ። ፓስፖርትና ግሪን ካርድ። ታብሌቱን ቤት አስቀሪው፤ እስከ አሥረኛው ሰዓት ድረስ መስኮቱ ይበቃሻል።